ውሃውና ጣሪያ ላይ ያለችው ሴት

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

የስምንት ሰዓቱ ፊልም ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። የአሥራ አንዱ ግማሽ። ከወንበር ሥር የተገኘ፦ አንድ እግር የልጅ ጫማ፣ መነጽር፣ የማያልቅ ፈንዲሻ። ሰው ፈንዲሻ ለምን ይገዛል? ግማሹን ለእኔ መጥረጊያ ነው የሚያበላው።

ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ሲኒማ ቤት። የእጅ ባትሪ ይዞ ሰው ማስቀመጥ፣ ሲወጡ መጥረግ። ጉልበቴ ዛሬም አልለቀቀኝም።

ልጄ ደወለ። "እማ፣ እሑድ ጠዋት ነይ፣ ፊልሙን እናሳይሽ።" ሦስት ዓመት ሲሠራው አንድ ቀን ነይ ያላለኝ ሰው። ጓደኞቹ አይተውታል። የሚስቱ ዘመዶች አይተውታል። ጥርስ ሐኪሙ ሳይቀር አይቶታል። አሁን ነው እናት እንዳለችው ትዝ ያለው።

እሄዳለሁ። ለምን ብዬ እቀራለሁ?

የካቲት 7፣ ዓርብ

ሥራ አስኪያጁ አንድ የድሮ ፊልም ከመጋዘን አወጣ። መርከብ የሚቃጠልበትን። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ... ሠላሳ? አርባ? መርከቡ ከኋላቸው ይቃጠላል፣ አንድ ሽማግሌና አንዲት ወጣት ሴት ፊት ለፊት ቆመው ይነጋገራሉ፣ ከዚያ ሽማግሌው ዞሮ ይሄዳል። እዚያ ቦታ ሁልጊዜ አለቅሳለሁ። አባትና ልጅ ናቸው፣ እየተሰነባበቱ ነው።

ዛሬ ግን ከሥር የሚሮጠውን ጽሑፍ አነበብኩት። ድሮም ነበረ፤ ለእኔ ትል ነበር የሚመስለኝ። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው።

"ነዳጁ ስንት ቀረ?" ይላል ሽማግሌው።
"ሁለት በርሜል።"
"ይበቃል።"

ይኸው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሳለቅስላቸው የኖርኩት ሰዎች ለካ ስለ ነዳጅ ነበር የሚያወሩት።

ሥዕሉ ያው ነው። እሳቱ ያው። ታዲያ ያስለቀሰኝ ማን ነው? እኔው ነኛ። በሰባት ዓመቴ አባቴ ሰው ቤት ሰጥቶኝ ሲመለስ ያየሁት ጀርባውን ነው። ያንን ጀርባ ነው ወስጄ እሳቱ ላይ የለጠፍኩት።

የካቲት 9፣ እሑድ

ልጄ የሚሠራበት ክፍል። መጋረጃው እንደተዘጋ፣ ያልታጠበ ኩባያ በየጥጉ፣ አራት ኮምፒውተር፣ አንድ የሰመጠ ሶፋ። እኔን ሶፋው ላይ አስቀመጡኝ። አብሮት የሚሠራው ልጅም ነበረ፤ ውሃውን፣ እሳቱን፣ የሚፈርሰውን ሕንጻ ሁሉ በኮምፒውተር የሚሠራው። "ፍንዳታ" ይሉታል። ስሙ ያስደስተዋል።

ፊልሙ እንዲህ ነው። ግድብ ይፈርሳል። ውሃው ከተማ ይበላል። መሐንዲስ አለ፣ ጀግናው እሱ ነው። ድልድይ ላይ ይሮጣል፣ በሄሊኮፕተር ይንጠለጠላል፣ ሰው ያድናል። እናቱ አንድ ቦታ ላይ ጣሪያ ላይ ሆና ስትጮህ ትታያለች። ከዚያ የለችም። ሞተች? ዳነች? ፊልሙም ረስቷታል።

ውሃው ግን... እውነቱን ልጻፍ። መጀመሪያ ሲመጣ ሶፋውን ጨብጬ ትንፋሼን ያዝኩ። እንደዚያ ያለ ውሃ በዕድሜዬ አላየሁም። ሁለተኛው ሲመጣ ለቀቅኩት። አራተኛው ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ከተማ እየሰጠመ እኔ አንኮራፋሁ።

"እማ፣ እንዴት ነው?"
"ውሃው ያምራል።"
"ሌላውስ?"
"ጥሩ ነው።"

ፍንዳታ አጨበጨበ። "አላልኩህም? እማማ እንኳ ወደዱት።" እማማ እንኳ። ያቺን "እንኳ" ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ልጄ እስከ በር ሸኘኝ። "ይሄ ካልሆነ በቃኝ፣ እማ። ተመልሼ ሠርግ ልቀርጽ ነው።" ቀልድ አስመስሎ ነው ያለው። አሥራ አንድ ዓመት ሠርግ ቀርጿል። ያን ጊዜ ፊቱ ምን ይመስል እንደነበር እኔ አውቃለሁ። ፊልሙን የሚያስረክበው የካቲት 28 ነው። ከዚያ በኋላ አይነካም።

የካቲት 10

ዋሸሁት። የወለድኩትን ልጅ። ውሃው ያምራል ብሎ ነገር...

የካቲት 12፣ ረቡዕ

ከሥራ በፊት ሄድኩ። ሳልጠራ።

"እሑድ ዋሽቼሃለሁ" አልኩት። "እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።"
"ደክሞሽ ነው።"
"ሰልችቶኝ ነው።"

ፍንዳታ ወንበሩን አዞረ። "እማማ፣ ሰው እኮ ሲኒማ የሚገባው ለወሬ አይደለም። ወሬማ ቤቱ ሞልቶለታል። ለዓይኑ ነው የሚመጣው።"

"ዓይን ቶሎ ይጠግባል። ሃያ ስድስት ዓመት ከኋላ ቆሜ ያየሁት ፊልሙን አይደለም፣ ሰዉን ነው። የመጀመሪያው ፍንዳታ ላይ ማንም አይነሳም። ሁለተኛው ላይ ይቁነጠነጣሉ። ሦስተኛው ላይ ሽንት ቤት ወረፋ ነው።"

"ወረፋው በታሪክ አይደለም የሚመጣው፣ በለስላሳ ነው" አለ ፍንዳታ።

እኔም ልስቅ ነበር። ልጄ አልሳቀም። "እሺ፣ ምን ጎደለው ነው የምትይው?"

"ያቺ ሴት የት ገባች? እናትየዋ?"
"እሷ ትንሽ ቦታ ነው ያላት።"
"ማን ጋ ነው ትንሽ?"

ያኔ አመለጠው። "እማ፣ ፊደል ከቆጠርሽ ገና ሦስት ዓመትሽ ነው። ስለ ድርሰት ልታስተምሪኝ ነው?"

ፍንዳታ እንኳ መሬት መሬት አየ። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እሱ ፊደል እንዲቆጥር ነው እኔ የሰው ወለል ስጠርግ የኖርኩት... ይህንንም አልነገርኩትም። ለደብተሬ ነው የምነግረው።

የካቲት 13

ዕረፍቴ ነበር። የትም አልሄድኩም። ሦስት ዓመት ነው፣ አዎ። ታዲያ ዓይኔም ሦስት ዓመቱ ነው?

አልተውም። ሲናደድ ይናደድ።

የካቲት 17፣ ሰኞ

ከቅዳሜ ጀምሮ እየመዘገብኩ ነው። የዚህ ሳምንት ፊልምም ፍርስራሽ በፍርስራሽ ነው። ከኋላ ቆሜ፣ በባትሪዬ ብርሃን፣ ትኬት ጀርባ ላይ እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ሕንጻ ሲወድቅ አንድ ሰው ወጣ። ሦስተኛው ሲወድቅ ዘጠኝ። የፊልሙ ልጅ ደብዳቤውን ከፍታ ሳታነበው ስትቆይ... ማንም አልወጣም። ትናንትም እንደዚያው። ዛሬም።

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። ለማን እንደምንሳቀቅ ሳናውቅ ምን ያሳቅቀናል?

ግን ደግሞ ይሄም አለ። አንድ ጡረታ የወጣ ልብስ ሰፊ በየሳምንቱ ሰኞ ይመጣል፣ የፊት ረድፍ ይቀመጣል። ሲወጣ ጠየቅሁት። "ጋሼ፣ ታሪኩን እንዴት አዩት?"

"የምን ታሪክ? እኔ የምኖረው አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የመርፌ ቀዳዳ ሳይ ኖርኩ። እዚህ የምመጣው ዓይኔን ሰፊ ነገር ላይ ላሳርፍ ነው። ታሪኩን አንቺ ውሰጂው።"

ይህንንም ትኬት ጀርባ ላይ ጻፍኩት። የማይመቸኝን ካልጻፍኩ መመዝገቤ ምን ዋጋ አለው? ውሃው አይጥፋ፣ እሺ። እኔም መጀመሪያ ሲመጣ ትንፋሼን ይዣለሁ። ጥያቄው "ከዚያስ?" ነው።

የካቲት 19፣ ረቡዕ

ልጄ ሲኒማ ቤት ድረስ መጣ። ይቅርታ የምትባል ቃል አልወጣችውም፤ ሲያኮርፍ ቁርጥ አባቱን። በክር የታሰረ የወረቀት ክምር እጄ ላይ አስቀመጠ። የፊልሙ ድርሰት። መቶ አራት ገጽ።

"ዘጠኝ ቀን ነው የቀረን። ታሪክ የለውም ካልሽ፣ አንብቢና የቱ ጋ እንደጠፋ አሳዪኝ።"

በእልህ ሰጠኝ። በእልህ ተቀበልኩ።

የካቲት 23፣ እሑድ

በቀን አሥራ አምስት ገጽ። በጣቴ እየተከተልኩ። "ይፈነዳል" የሚለውን ቃል አሁን ሳላየው መጻፍ እችላለሁ።

ዛሬ ገጽ 61 ላይ አገኘሁት። እንዳለ ልገልብጠው፦

"እናት ጣሪያ ላይ። ልጇን ትጣራለች። አይሰማም።"

ወረቀቱን አስቀምጬ ተነሳሁ። ውሃ ጠጣሁ። ተመልሼ አነበብኩት። አይሰማም... ይኸው። ልጄ ጽፎታል። ሰውዬው ከተማ ለማዳን ሲሮጥ እናቱን አይሰማም። ታዲያ ይሄን ጽፎ ሲያበቃ ለምን ደበቀው? ለምንስ አላሳየንም?

ነገ ጠዋት እሄዳለሁ።

የካቲት 24፣ ሰኞ

አፈርኩ። ከዚያ... ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ገጹን ከፍቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ልጄ ግር አለው። "እንዴት? እንደገና አንብቢው።" አነበብኩት።

"እማ፣ ላልቶ አይደለም የሚነበበው። ጠብቆ ነው። ድምጿ ነው የማይሰማው። ፍንዳታው ይውጠዋል ማለት ነው። ለድምፅ ባለሙያው የተጻፈ ማስታወሻ ነው።"

ፍንዳታ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። "ለድምፅ ሠራተኛው የተጻፈውን እማማ ለልባቸው ወሰዱት።"

አስተማሪያችን ስንቴ ነግራናለች፦ ፊደሉ አይነግራችሁም፣ ይላላ ይጥበቅ የምታውቁት ከነገሩ ነው። ወረቀቱን አጥፌ ልወጣ ስል እልሁ ያዘኝ።

"እኔም ከነገሩ ነው ያነበብኩት" አልኩ። "እናት ስትጣራና ልጅ ጀርባውን ሲሰጥ ሌላ እንዴት ይነበባል?"

ልጄ ያጠፍኩትን ወረቀት ወስዶ ዘረጋው። ከዚያ "ቀጥይ" አለኝ።

ቀጠልኩ። "ጀርባውን ሰጥቷታል። በሬዲዮ ሌሎችን ያዝዛል። እሷ ስሙን ትጠራለች፣ እሱ አይሰማም። ውሃው ከዚያ በኋላ ይምጣ። ያን ጊዜ ውሃው ያስፈራል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ የሰው እናት ሲያድን ይዋል። የራሱን አይጠይቅም። እስኪጠይቅ ድረስ ማንም ከወንበሩ አይነሳም።"

ልጄ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ከኋላው ቆሜ አየሁ። ያቺ ተዋናይት ጣሪያ ላይ ስትጣራ፣ ደጋግማ። "ሰባት ጊዜ ቀርጸናታል" አለ፣ ለራሱ ይመስል። "ሦስት ሰከንድ ነው የተጠቀምንባት።"

"የአንድ ዓመት ሥራዬን ልታራግፉት ነው?" አለ ፍንዳታ። አሁን አይስቅም።

የካቲት 26፣ ረቡዕ

ሁለተኛውና ሦስተኛው ውሃ ከፊልሙ ተቆርጠው ወጡ። አሥራ አንድ ደቂቃ። ፍንዳታ ትናንት ቀኑን ሙሉ አኩርፎ ዋለ፣ የሚያነጋግረው የቁልፍ ሰሌዳውን ብቻ ነበር። አልፈርድበትም። እያንዳንዱን ጠብታ በእጁ ነው የሠራው።

ዛሬ ግን ያ ልጅ አስገረመኝ። የመጀመሪያው ውሃ ሲመጣ ድምፁን በሙሉ አጠፋው። ፍንዳታ የለ፣ ሙዚቃ የለ። ውሃው ስክሪኑን ሞልቶ ይመጣል፣ ሴትዮዋ ከታች በኩል፣ ትንሽ፣ አፏ ብቻ ይንቀሳቀሳል። የሰውዬው ጀርባ።

"እንግዲህ በሁለቱም ይነበብ፣ እማማ" አለኝ። "ላልቶም ጠብቆም።"

ያ ሁሉ ውሃ ያኔ ነው ሥራ ያገኘው። የበላው ያው ከተማ ነው፤ አሁን ግን የማን ቤት እንደሚበላ አውቃለሁ።

የካቲት 28፣ ዓርብ

አስረከበ። የመጀመሪያው ግማሽ አሁንም ደካማ ነው። ነገርኩት።
"አውቃለሁ" አለ። "ጊዜ የለም።"
እሱን ማወቁ ራሱ አንድ ነገር ነው።

መጋቢት 7፣ እሑድ

እኛ ሲኒማ ቤት ታየ። ሙሉ አልነበረም። እኔ እንደ ወትሮው ከኋላ።

መጀመሪያው ላይ ተንጠራሩ፣ ስልክ አዩ። ይገባቸዋል። ድምፁ ሲጠፋ አንዱ "ድምፅ ተቋረጠ" ብሎ አፏጨ። አጠገቡ ያለችው ሴት ክንዱን ያዘችው። ከዚያ በኋላ ፈንዲሻ ሲቆረጠም እንኳ አልሰማሁም። ስንት ሰው እንደወጣ ልጽፍ ትኬት ይዤ ነበር... ረሳሁት። ባትሪዬንም ሳላበራ አንድ ሰውዬ ደረጃው ላይ ተደናቀፈ፣ ሥራ አስኪያጁ ተቆጣኝ። ይቆጣ።

ልጄ ከጎኔ ቆሞ ነበር።

መጋቢት 17፣ ረቡዕ

ፊልሙ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል። ብዙ አይደለም፣ ትንሽም አይደለም። ፊልሙን ያሠሩት ሰዎች ሌላ እንዲሠራላቸው ጠይቀውታል። አሁን ደግሞ እሳት ይሁን ብለዋል።

ዛሬ ቤቴ መጣ። ካሜራ የለ፣ ኮምፒውተር የለ፣ ፍንዳታም የለ። አንድ ወረቀት ብቻ፣ ያውም ግማሹ ባዶ። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

"ገና አንድ ሥዕል አልሠራንም፣ እማ። መጀመሪያ ታሪኩን ልንገርሽ።"

"ንገረኝ።"

ነገረኝ። ጫካ ይቃጠላል፣ ሁለት ወንድማማቾች አሉ፣ አንዱ ሚስቱን በር ላይ ትቷት ወንድሙን ፍለጋ ይሄዳል። እጁን እያወናጨፈ፣ እሳቱን እያሳየኝ። ደስ ይላል ሲያወራ። እስኪጨርስ ጠበቅኩ።

"እሷስ?" አልኩት።
"ማን?"
"በር ላይ ትታችኋት የሄዳችሁት ሴት።"

ኪሱን ዳበሰ። እስክሪብቶ አጣ፣ የእኔን ሰጠሁት። አንድ መስመር ጻፈ፣ ሰረዘው፣ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

"ነገ ልመለስ?" አለኝ።

ነገ ሐሙስ፣ ዕረፍቴ ነው። ቤት ነኝ አልኩት።