ሙቀቱ መልካም ስለሆነው ሟች ወንድሜ

ለተከበሩ የ«ሌሊት ዐይን» መምሪያ ዋና ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። እንቅልፍዎ የተሟላ፣ ጉልበትዎ የጸና፣ ዐይንዎም እንደ መሣሪያዎ ከቶ የማይሳሳት እንዲሆን ምኞቴ ነው። እኔ አንዲት ልብስ ሰፊ ነኝ። በጨለማ የሰውን ሙቀት እየለየ ወገንን በአረንጓዴ፣ ጠላትን በቀይ ቀለበት ስለሚከበው፣ በወታደሮችዎ የራስ ቁር ላይ ስለተገጠመው ድንቅ መሣሪያ ላመሰግንዎ ብዕር አንስቻለሁ።

አንደኛ፤ ታናሽ ወንድሜ አንድ ቁስለኛ ምርኮኛ በብርድ ሲንቀጠቀጥ አይቶ አንጀቱ አልችል ቢለው ካፖርቱን አውልቆ አለበሰው። መሣሪያዎ ስሙን የሚያነብበት የወገን ምልክቱ ደግሞ የተሰፋው ካፖርቱ ኮሌታ ላይ ነው። መሣሪያዎ ምርኮኛውን በአረንጓዴ፣ ወንድሜን በቀይ ከበበ፤ አብሮት የዘመተው አብሮ አደጉም ቀዩን አይቶ ተኮሰ። ለፍጥነቱ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ያ ልጅ ዛሬ የራስ ቁሩን አውልቆም ቀዩ ቀለበት በየሰዉ ደረት ላይ ይታየዋል፤ ቤታችን ሲመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚቀመጠው። ምልክቱ ተፈትቶ እንዳይጠፋበት ብዬ፣ ለዕረፍት በመጣ ጊዜ በድርብ ክር ያጠበቅሁለት እኔው ነኝ፤ ካፖርቱን ሲሰጥ ፈትቶ ሸሚዙ ላይ ሊያደርገው አልቻለም። ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው!

ሁለተኛ፤ መሣሪያው የካፖርቱን ባለቤት በሕይወት ስላየው፣ ጽሕፈት ቤትዎ ወንድሜ ሆስፒታል ውስጥ በአልጋ ቁጥር ዐሥራ አራት እያገገመ መሆኑን በማኅተም አበሠረን። ክንፍ አውጥቼ ሄድኩ። ካፖርቱን አወቅሁት፤ የለበሰውን ግን አላወቅሁትም። ሰውየው የሆነውን ሁሉ ነግሮኝ፣ እህቴ ይቅር በይኝ፣ በሱ ፈንታ እኔ ተረፍኩ እያለ ሲንሰቀሰቅ አብሬው አለቀስኩ። ይህንኑ ለጸሐፊዎ ባስረዳ፣ መሣሪያው አይሳሳትም፣ ናፍቆት ግን ዐይን ያደናግራል ብለው በታላቅ ትሕትና ወደ በሩ ሸኙኝ።

ሦስተኛው እንኳ ቅሬታ አይባልም። በየማለዳው ስልኬ ላይ «ወንድምዎ በሰላም ይተነፍሳል፤ ሙቀቱ ሠላሳ ስድስት ተኩል፣ መልካም ነው» የሚል መልእክት ትልካላችሁ። እናቴ ዐይኗ ስለደከመ እስቲ አንብቢልኝ ትለኛለች። አነባለሁ። ተመስገን ትልና ሸሚዙን ትተኩሳለች። እውነቱን ልነግራት አስባለሁ፤ ሸሚዙን ተቀብዬ አጣጥፋለሁ። አይፍረዱብኝና፣ አንዳንድ ቀን እኔም የሚተነፍሰው እሱ ይመስለኛል፤ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ አዳምጣለሁ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጠላት ነው ብላችሁ ያለ ምልክት የቀበራችሁትን ወንድሜን ስጡኝ፤ እናቱ አልቅሳ ትቅበረው። በሕይወት ያለ ሰው አስከሬን አይሰጥም የሚለው ደንብዎ ደርሶኛል፤ አርቆ አሳቢነትዎን አደንቃለሁ።

ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳዎ፣
በእናንተ መዝገብ እንዳታለቅስ የተከለከለችው እህት።

ድኅረ ጽሑፍ፤ የሕመም ፈቃዱ ስላበቃ ሰኞ ጠዋት ወደ ጦሩ እንዲመለስ የሚያዝ ደብዳቤ ትናንት በወንድሜ ስም ደርሶናል። ትእዛዝ ይከበራል፤ ደብዳቤውን እኔው ራሴ ላደርስለት ዝግጁ ነኝ። የት እንደቀበራችሁት ብቻ ይንገሩኝ።