ኪሱ በቀኝ

ሰኞ

ስገባ ባልደረቦቼ ሬዲዮኑን ቀነሱት። ለእኔ! ባለፈው ሳምንት ለድሮው አለቃችን አብሬያቸው ስቀንስ የነበርኩት እኔው ነኝ። እሱ ለቀቀና የስፌት ቤቱ ባለቤት ጋሽ ግርማ «ሂሩት፣ አንቺ ተረከቢ» አሉኝ። ከስፌት መኪናዬ ተነስቼ አለቃ ሆንኩ።

ስጋቴ አንድ ነው። ዓርብ የተማሪዎቹን ሸሚዝ ማስረከብ አለብን፤ ካልደረሰ ትምህርት ቤቱ ሁለተኛ አያዘንም። ጋሽ ግርማ ደግሞ «ከሳቅሽላቸው አይሠሩልሽም» ብለውኛል።

ከሰዓት ቤዛ «ኮሌታውን ቀድመን ብንጨርስ አይሻልም?» ስትለኝ ጮኽኩባት። «ያልኩትን ብቻ ሥሩ!» ቤዛ እኮ የልብ ጓደኛዬ ናት። ሁሌ ከኮተቤ እስከ መሪ ሰፈር አብረን ነው የምንሳፈረው። ዛሬ ጥላኝ ሄደች።

ማክሰኞ

ሥራው ይሮጣል። የሚያወራ የለም፣ የሚጠይቅ የለም። ናሙናውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ «ኪሱ በቀኝ» ብዬ አዘዝኩ፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ሰፋ። ጋሽ ግርማ ብቅ ብለው «እንደዚህ ነው እንጂ!» አሉኝ። ምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ።

ምሳዬን ግን ብቻዬን በላሁ።

ረቡዕ

ጉዴ ፈላ። ከተጣጠፉት ሸሚዞች አንዱን አንስቼ ደረቴ ላይ አድርጌ አየሁት። የሸሚዝ ኪስ በግራ ነው! ናሙናውን ፊት ለፊቴ ዘርግቼ በእኔ ቀኝ በኩል ያየሁትን አዝዣለሁ። የትላንቱ ሥራ በሙሉ ተበላሽቷል።

ግን እንዴት አንድ ሰው አላየም? በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡትን እትዬ ስንዱን ጠየቅኳቸው።

«አይተናል እንጂ ልጄ» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ። «ያልኩትን ብቻ ሥሩ ብለሽን የለ?»

ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሐሙስ

ጠዋት ሳይቀመጡ ተናገርኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለጋሽ ግርማም ደውዬ፣ የሚቆርጡት ካለ ከእኔ ደሞዝ ይቁረጡ ብያለሁ። ቤዛን በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቅኳት። ሄዳ መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ምላጭ ይዤ የድሮ ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩና ኪሶቹን መተርተር ጀመርኩ።

እትዬ ስንዱ ወንበራቸውን ጎትተው አጠገቤ መጡ። «አንቺ ተርትሪ፣ እኔ እሰፋለሁ። ቤዛም ኮሌታውን እንዳለችው ትሞክረው።»

የቤዛ መንገድ ይፈጥናል። ሲያናድድ! ማንንም ሳልለምን ሁሉም አመሸ።

ዓርብ

አብዛኛው ሸሚዝ ሄደ። ቀሪውን ትምህርት ቤቱ ሰኞ ይቀበለናል። ደግመው ይዘዙን አይዘዙን አላውቅም። ጋሽ ግርማም «ሰኞ እናወራለን» ብቻ ነው ያሉኝ።

ግን ዛሬ ስገባ ሬዲዮኑን የነካው የለም። ጭራሽ ቤዛ ከወዲያ ጥግ ሸሚዝ እያውለበለበች ጮኸችብኝ። «ሂሩት! ቁልፉን ተሳስተሻል!»

ሄጄ አየሁት። ቁልፉ ልክ ነው፤ የተሳሳተችው እሷ ናት። ደስ ብሎኝ ሳቅኩ።

ወደ መሪ አብረን ተሳፈርን።