ከስምሽ ላይ የወለቀው «አል»

እማዬ፣

ከተለየሽን ዘጠኝ ወር አለፈ። ትምህርቴን ጨረስኩልሽ። «ቋንቋ ተምሮ ምን ሊበላ ነው?» እያልሽ ትስቂብኝ አልነበር? እስካሁን የምበላው ሂሩት እህቴ የምታበላኝን ነው፤ ግን ሥራ ፍለጋ ከወንዙ ማዶ ወደ ኦምዱርማን ከተማ የማልሻገርበት ቀን የለም። ኢንሻላህ ይገኛል። የስፌት ቤትሽን እሷ ይዛዋለች። የስፌት መኪናውን ወደ መስኮቱ አዙራዋለች፤ ብርሃን ፈልጋ ነውና አትቆጪያት።

የምጽፍልሽ ግን ስለ ስምሽ ነው። የሰፈራችን የሳጃና ሴቶች አንድም ቀን አልማዝ ብለውሽ አያውቁም። በአረብኛ «አል» ከስም ፊት የምትለጠፍ ናት፤ «ያ» ብለው ሰው ሲጠሩ ትወልቃለች። የአንቺንም የዚያው ዓይነት መስሏቸው እንደ ኮፍያ አወለቁት። ጎረቤታችን ሐጃ ሰዕዲያ በሩ ላይ ቆማ «ያ ማዝ! ቀሚሱ ጠበበኝ!» ስትል፣ አንቺ ስፒሉን ከከንፈርሽ ሳታወጪ «አንቺ ነሽ የሰፋሽ! ደግሞ ስሜ አልማዝ ነው!» ትያት ነበር። ስትሄድ ለእኔ «ግማሽ ሰው አደረጉኝ» ትያለሽ።

ባለፈው ሳምንት ሴቶቹ ከቤቱ ፊት፣ ኒሙ ዛፍ ሥር፣ ዚር አቆሙልሽ። እንደ ልማዳቸው መንገደኛ ከማሰሮው ውሃ ጠጥቶ ሟቿን እንዲመርቅ ነው። በማሰሮው ሆድ ላይ በሰማያዊ ቀለም ጻፉበት፦ ማዝ። ደሜ ፈላ። ማመስገን ሲገባኝ ቀለምና ብሩሽ ገዝቼ ላርመው መጣሁ። ሂሩት አይታኝ «አንተ ተመራቂ፣ ስጦታ ይታረማል እንዴ?» አለች።

ብሩሹን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ። ትዝ ያለኝን ልንገርሽ? እስክንድር የሚለው ስሜ ከግሪኩ አሌክሳንድሮስ የመጣ ነው። አረቦች የፊቱን «አል» የራሳቸው መስሏቸው ለዩት፤ እኛ የተረፈውን ወሰድን። በኩራት ያወጣሽልኝ ስም ራሱ የተቆረጠ ነው እኮ! እኔ ግን ግማሽ ሰው ነኝ ብዬ አላውቅም። አልኮል የሚለው የአረብኛ ቃል ላይ ደግሞ ዓለም የአረቦቹን «አል» ሳይለይ ዋጠው። ቃልም እንደ ጨርቅ የሚቆረጠው ሊለበስ ሲፈለግ ይሆን? ይህን ከእኔ ይልቅ አንቺ ትመልሺው ነበር።

ቢሆንም አንቺ አልወደድሽውም። በአንቺ ፈንታ እሺ ማለት እችላለሁ? ጨንቆኝ ሐጃን ጠየቅኳት፤ «የእናቴን ሙሉ ስም ታውቂው ነበር ወይ?» አልኳት። ሳቀች። «ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ ሃያ ዓመት ስትጮህብኝ የኖረችውን እንዴት አላውቅም? መኪናው ላይ አቀርቅራ ትውል የለ፤ ማዝ ስላት ብቻ ቀና ብላ ታየኝ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ዓይኗን በለበሰችው ቶብ ጫፍ ጠረገች።

ጽሑፉን ሳልነካ ብሩሹን ለሂሩት ሰጠኋት። ዚሩን ሴቶቹ በየማለዳው በተራ ይሞሉታል፤ ረቡዕን ለእኔ ሰጥተውኛል። እነሱ ማዝ ይበሉሽ። እኔ ባልዲውን ሳጋድል ድምፄን ከፍ አድርጌ አልማዝ እልሻለሁ፤ በሕይወት እስካለሁ ድረስ አንድም ረቡዕ አያልፈኝም።

ልጅሽ እስክንድር