ቀለም የሚሸሸው ቦታ

ሰኞ፣ መስከረም 6

ጀመርኩት እንግዲህ። የፊት ደረጃውን የብረት መደገፊያ ገፈፍኩት። አሮጌው ቀለም በጥፍር ሲነካ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል፤ ከሥሩ ዝገት ነው። እሑድ የሚካኤል ማኅበር ተራው የእኔ ነው። ማኅበርተኛችን ጋሼ ታደሰ ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ ደረጃ የሚወጡት መላ ክብደታቸውን ብረቱ ላይ ጥለው ነው። እጃቸው በዝገት እንዲቆሽሽ አልፈልግም።

ከላይብረሪ ያመጣሁት መጽሐፍ እንግሊዝኛ ነው፤ ቀስ እያልኩ አነበዋለሁ። መጀመሪያ ቅባቱን በቀለም ማቅጠኛው በአኳራጅ መጥረግ፣ ከዚያ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ፣ አቧራውን ማንሣት፣ ሳይውል ሳያድር የዝገት መከላከያውን ቀለም፣ አንቲረስቱን መቀባት። ቅባቱ ሳይጠረግ ከተፈተገ ብሶ ብረቱ ላይ ይዳረሳል ይላል።

ጠረግሁ፤ ፈተግሁ። ለመቀባት ግን መሸብኝ። የቀለሙ ቆርቆሮ ላይ ከዐሥር ዲግሪ በታች አትቀቡ ይላል። በፕላስቲክ ሸፍኜው ገባሁ። ራቁቱን ባያድር ደስ ባለኝ።

ባለቤቴ ወርቁ የወደቀው ከዚሁ ደረጃ ነው።

ማክሰኞ 7

የጠዋት ሺፍቴን ጨርሼ ከልብስ ማጠቢያው ስመለስ በር ላይ ትልልቅ ድስቶች ተደርድረዋል። የወርቁ እህት አስቴር ከሰፈሯ ከኤሪን ውድስ አምጥታ፣ አስቀምጣልኝ ሄዳለች። ጴንጤ ናት፤ ማኅበር አትጠጣም፣ ድስት ግን ታበድራለች።

ፀሐይ ነበር። በደረቅ ጨርቅ አራግፌ ቀባሁ። ግራጫው ቀለም ብረቱን እንደ ቆዳ ሲይዘው ደስ አለኝ። ከአንድ ቦታ በስተቀር። ላይኛው ደረጃ ጋ፣ ቋሚው ብረት ከእጀታው ጋር በተበየደበት፣ ቀለሙ ይሸሻል። ቅቤ የነካው ሳህን ላይ እንደ ፈሰሰ ውሃ ይሰበሰብና ብረቱን ይተወዋል። ደገምኩት። ደግሞ ሸሸ።

ጠርጌው ነበር እኮ።

ረቡዕ 8

ያንን ቦታ ብቻ እንደገና በአኳራጅ አጠብኩ፣ ፈተግሁ። ዝናብ ስላንጠባጠበ ሳልቀባው ሸፈንኩት።

ወርቁ ይዞት የነበረው ያንን ቦታ ነው። ወይም ሊይዘው የፈለገው። በወደቀበት የበረዶ ዕለት እኔ ሳሎን ተቀምጬ አነብ ነበር። ውጭ አንድ ነገር ሲንኳኳ ሰማሁ። ገጹን ጨርሼ ነው የተነሣሁት።

ይበቃል። ሽንኩርት መግዛት። ሹሮው አለ። ዳቦውን ቅዳሜ መድፋት።

ሐሙስ 9

አስቴር ዛሬ ደግሞ ሥራ ላይ ሳለሁ ወንበሮች አምጥታ በረንዳው ላይ ደርድራለች። ብረቱን አራግፌ ቀባሁ። ሸሸ! እዚያው ላይ። ቀለሙን ጠርጌ ሳየው ፀጉር የምታህል ጥቁር መስመር ብየዳው ላይ ተጋድማለች። ጠረግኋት። ጥቂት ቆይታ ተመለሰች። እንደገና ጠረግኋት፤ እንደገና ወጣች፤ ረጠብ ያለች ናት። ብረት ያልባል?

ጋሼ ታደሰ ስለ እሑድ ሰዓቱን ሊጠይቁኝ ደወሉ። ብረት እየቀባሁ ነው ብላቸው፣ “ምነው ጥሩነሽ፣ ቤተ መንግሥት ልታስመርቂ ነው እንዴ?” ብለው ሳቁ። “ለእኔ ብለሽ ከሆነ ተዪው። ዐይኔ ቀለም መለየት ትቷል። እጄ የሚይዘው ካገኘ በቂዬ ነው።”

ስልኩን ዘግቼ ቆምኩ። ተመልሼ መስመሯን አየኋት።

ዓርብ 10

ዛሬ ሥራ የለኝም። አስቴር ሽንኩርት ልትከትፍልኝ መጣች። በመስኮት አያታለሁ፤ ደረጃውን ወጣች፣ ቆመች፣ ከቦርሳዋ ትንሽ ጠርሙስ አወጣች፣ ጣቷን ነክራ ያንን ቦታ አሸችው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

በሩን ከፈትኩት። “ምንድን ነው እሱ?”

“የጸሎት ዘይት ነዋ፣ እትዬ ጥሩዬ። በመጣሁ ቁጥር፣ ፕላስቲክ ካለም ገልጬ፣ እቀባዋለሁ። ወንድሜ የወደቀበት ነው፤ ማንም ላይ እንዳይደገም።”

“አስቴር! ሳምንቱን ሙሉ ቀለሜን ያባረርሽው አንቺ ነሽ?”

“ዘይቱ የሚያባርረው ሌላ ነገር ነው።”

“አንቲረስቱንም ጨምሮ!”

ሳቅን። እሷ እስክታነባ ሳቀች። ከወርቁ ሞት ወዲህ እንዲህ አልሳቅሁም። ቀጥሎ ግን መስመሯ ትዝ አለችኝ። የተጠረገው ዘይት ከብረቱ ተመልሶ የሚወጣ ከሆነ በየት በኩል ገባ? እጀታውን ይዤ ወደ ውጭ ገፋ አደረግሁት። ብየዳው እንደ አፍ ተከፈተ።

አስቴር ሳቋን አቆመች።

ቅዳሜ 11

በያጁ ከማክሰኞ በፊት አልደርስም አለ። ጠዋት ስቱኮ ገዝቼ ነበር። ስንጥቁን ሞልቼ፣ ፈትጌ ብቀባው ማንም አያይም። አንድ ቀን ብቻ፣ ለእሑድ ብቻ። አለዚያ ሽማግሌዎቹን በሚካኤል ዕለት በቆሻሻ በርሜሎቹ መሃል፣ በጓሮ አስገብቼ ልቀበል ነው።

ክዳኑን ከፈትኩት። መቀቢያውም እጄ ላይ ነበር። ከዚያ ጋሼ ታደሰ “እጄ የሚይዘው ካገኘ” ያሉት መጣብኝ። ከደንኩት። ደረጃውን ከላይም ከታችም በገመድ ዘጋሁ።

እሑድ 12

መጡ። ጋሼ ታደሰ በርሜሎቹን እያዩ፣ “በጓሮ የሚገባ እኮ ሌባ ነው!” ብለው ሁሉንም አሳቁ። በአንድ ክንዳቸው አስቴር፣ በሌላው እኔ ነበርን። ከባድ ናቸው። ያ ክብደት ብረቱ ላይ ቢሆን ኖሮ ብዬ ክንዳቸውን አጥብቄ ያዝኩ።

ሲሄዱ ለጋሼ ታደሰ ስንጥቁን አሳየኋቸው። ውስጡ ያለው ዝገት ጠቁሯል፤ የዛሬ ወይም የአምና አይደለም። “ወርቁ በወደቀ ጊዜም እንዲህ ነበር?” አሉኝ።

“አላውቅም” አልኩ። አላውቅም። ማንም የሚያውቅ የለም።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ፣ ገና ሳይጨልም፣ መጽሐፉን ይዤ ተቀመጥኩ። ውጭ አንድ ነገር ተንኳኳ። ዐረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ ሮጥኩ።

ደረጃው ላይ ማንም የለም። ነፋስ ተነሥቶ ገመዱን ከብረቱ ጋር ያማታዋል።