ያልተዘጋው ሬዲዮ፦ የአቶ ላጲሶ በዳሳ የሕይወት ታሪክ

አቶ ላጲሶ በዳሳ ከአባታቸው ከአቶ በዳሳ ደቻሳና ከእናታቸው ከወ/ሮ አዝመራ ቢተው በሆሳዕና አቅራቢያ በጥቅምት ወር 1935 ዓ.ም. ተወለዱ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥረው፣ ሁለተኛ ደረጃን በአዲስ አበባ ጨርሰው፣ በ1955 ዓ.ም. ወደ ሌኒንግራድ አቀኑ። ባሕር በዓይናቸው ዓይተው የማያውቁት ሰው የመርከብ ምህንድስና ተምረው ተመለሱ።

በ1964 ዓ.ም. ወ/ሮ ውባንቺ ገብረወልድን አግብተው ጉርድ ሾላ ጎጆ ቀለሱ፤ ልጃቸውን ትግስትንም ወለዱ።

ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ መሥሪያ ቤት የሩስኛ አስተርጓሚ ሆኑ። ከተረጎሟቸው ጽሑፎች አንዱ ከባሕር ሰርጓጅ መርከብ ስለሚተኮስ ሚሳይል ዕድገት ነበር። መጀመሪያ መርከቡ ለመተኮስ ከውሃው ብቅ ማለት ነበረበት፤ ቀጥሎ እዚያው ውሃው ውስጥ እንዳለ መተኮስ ተቻለ፤ ኋላም የሚሳይሉ ርቀት ስለረዘመ ወደ ጠላት አገር መጠጋቱም ቀረለት። ሥራው ተደብቆ ዝም ማለት ብቻ ሆነ። አንድ ሩሲያዊ ባልደረባቸው ታዲያ በምሳ ሰዓት፣ “እዚያ ታች ያሉት መርከበኞች ሬዲዮ ያዳምጣሉ፤ ሬዲዮው ዝም ካለ አገር የለም ብለው ይተኩሳሉ” ሲል አጫወታቸው። ቀልዱን ይሁን የምሩን አልጠየቁትም።

ከዚያ ቀን ወዲህ በአቶ ላጲሶ ቤት ባለ አራት ድንጋዩ ሬዲዮ ተዘግቶ አያውቅም። የአዲስ አበባው ሥርጭት ሲያበቃ ሌላ ጣቢያ ይፈልጋሉ። ወ/ሮ ውባንቺ፣ “አንተ ሰውዬ፣ ያገባኸው እኔን ነው ሬዲዮውን?” ሲሏቸው ይስቁና ድምፁን ቀነስ ያደርጉታል፤ አይዘጉትም። በጉበት ሕመም አልጋ ሲይዙም የተናዘዙት ይህንኑ ብቻ ነው፤ “ስሞት እንዳትዘጉት።”

ሚያዝያ 11 ቀን 1979 ዓ.ም. ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በተወለዱ በ44 ዓመታቸው አረፉ። የእድሩ ዳኛ አቶ ኑሪ ግን፣ “እትዬ ውባንቺ፣ ለቅሶ ቤት ሬዲዮ? ጉድ ነው የምንባለው!” ብለው በወጉ መሠረት ዘጉት። ቤቱ ጭር አለ። ትግስት የአባቷ ቃል ትዝ ብሏት መልሳ ብትከፍተው አንድም ጣቢያ የለም፤ ጆሮ ውሃ ሲገባበት የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ብቻ። ቀጥሎ አንድ ሰው በሩስኛ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይጠይቅ ጀመር። በየመሐሉ ዝም ይላል፤ መልስ ይጠብቃል። ከቤቱ ሩስኛ የሚያውቁት ደግሞ ተገንዘው ተኝተዋል።

ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ የአዲስ አበባው ድምፅ ተመለሰ። አቶ ኑሪ ሱቃቸው ሄደው አራት አዲስ ድንጋይ ይዘው መጡ።

ለቀስተኞች ሆይ፣ ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ዜና ዝቅ ብሎ ቢሰማ ለሟች ንቀት አይደለም፤ ፈቃዳቸው ነው። እባካችሁ ማንም እንዳይነካው። ፈጣሪ የአቶ ላጲሶን ነፍስ በሰላም ያሳርፍ፤ ለባለቤታቸውና ለልጃቸው መጽናናትን ይስጥ፤ ከባሕሩ ታች ላሉትም እዚህ መኖራችንን ያሰማልን።