ሙጫን አንዴ ብቻ ለማውረድ

ጥቅምት 6

«ከወለደች ወዲህ ራሷን ጥላለች።»

ከመደርደሪያው ጀርባ ነው የሰማሁት። ተናጋሪዋ የመዝገብ ክፍሏ ሴትዮ፣ አድማጯ ጥበቃው። እኔ በዚህ በኩል፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የእጽዋት መጽሐፍ ታቅፌ። ወጥቼ ሰላም ስላቸው ሁለቱም ስለ ዝናብ ማውራት ጀመሩ። ዝናብ የለም። ስለ እኔ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ጥላለች… የት? መቼ? መንትዮቹ ሲወለዱ ራሴ አብሮኝ ነበር፤ አስታውሳለሁ። ሦስተኛዋ ስትወለድም ያየሁት ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። የምሠራበት ቤተ መጻሕፍት የጠፉ ዕቃዎች የሚቀመጡበት ቁምሣጥን አለው። ምሳ ሰዓት ላይ ሄጄ ከፈትኩት። ጃንጥላ፣ የንባብ መነጽር፣ የአንድ እጅ ጓንት። እኔ የለሁበትም።

ጥቅምት 9

መስተዋት ፊት ቆምኩ። ፊቴ አለ። አንገቴም አለ። ከዚያ በታች ያለችውን ሴትዮ አላውቃትም፤ ጨዋ ትመስላለች።

ጥቅምት 15

ዶክተሯ ዘንድ ሄድኩ። የውበት ቀዶ ጥገና ነው ሥራዋ፤ እሷ ግን ውበት የሚለውን ቃል አንዴም አልጠራችም። አጭር ሴት፣ አጭር ንግግር። አልጋው ላይ አስተኝታ ጭንቅላቴን ብቻ ትንሽ ቀና እንዳደርግ አዘዘችኝ። ከዚያ የገዛ እጄን ይዛ ከእምብርቴ በላይ አስቀመጠችው።

«ተጫኚ።»

ጣቶቼ ገቡ። ሦስቱም። ወደ ውስጥ… ወደ እኔ ውስጥ! አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ሰውነቴ ቀዳዳ እንዳለው የነገረኝ የለም።

የሆድ ጡንቻዎችሽ ናቸው አለች፤ መሃል ለመሃል ተለያይተዋል። መንትዮች የያዘች ሴት ላይ ይበዛል። አንዳንዱ ተመልሶ ይገጥማል፣ ያንቺ አልገጠመም፤ እንዲህ ከሰፋ ስፖርት አይመልሰውም፣ በክር መስፋት ነው። የጀርባሽም ሕመም ከዚሁ ሊሆን ይችላል።

እኔ መስማት ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ሳስበው የነበረው ሌላ ነው። ሁለት ጡንቻዎች እንግዶች ለማሳለፍ እንደ መጋረጃ ግራና ቀኝ ተከፈቱ። እንግዶቹ ወጡ። ይኸው ስምንት ዓመታቸው፣ ትምህርት ቤት ገብተዋል፣ እርስ በርስ ይደባደባሉ። መጋረጃዎቹ ግን እስካሁን ግራና ቀኝ ቆመዋል። በክብር። ማን ነው እንዲህ የታዘዘውን የሚያከብር?

ጡቶቼንም አየች። እነሱ መሬት መሬት ማየት ከጀመሩ ቆይተዋል። ማንሳት ይቻላል አለች፤ ከሆድሽ ጋር ባንድ ቀን፣ ወይም ለየብቻ። አስቢበት።

ስመለስ አውቶቡስ ላይ አንድ ሰውዬ ተነሥቶ አስቀመጠኝ። «ስንተኛ ወርሽ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ስምንት ዓመት አልፎኛል ልለው ነበር… ተቀመጥኩ።

ጥቅምት 16

ለባለቤቴ ነገርኩት። ሬዲዮ ጣቢያ የድምፅ ባለሙያ ነው፤ ዝምታን እንኳ በዓይነት ይለያል። «እኔ ምንም አላየሁም» አለ። ሊያጽናናኝ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ታዲያ ምን ስታይ ነበር? አልኩት።

ጣቱን ወስጄ ቦታው ላይ አስቀመጥኩለት። ቀልዱ ከፊቱ ጠፋ። ጎንበስ ብሎ፣ የተበላሸ መሣሪያ እንደሚያዳምጥ ጆሮውን አስጠጋ።

«እዚህ ነበሩ» አለ ቀስ ብሎ።

ከወዲያኛው ክፍል መንትዮቹ በትራስ ሲደባደቡ ይሰማል።

ጥቅምት 22

እህቴ። ታላቄ ናት፣ የመድኃኒት ባለሙያ ናት፣ ሁሉንም ነገር በጎንዮሽ ጉዳቱ ነው የምታውቀው። ሆዱን አሠሪ አለች፣ እሱ ሕመም ነው። ጡቱንም ካማረሽ ከዓመት በኋላ አሠሪ። ሁለቱን ባንድ ቀን ግን?

«መኪና ነሽ እንዴ፣ ጋራዥ ከገባ አይቀር ተብሎ ሁሉ ነገሩ የሚነካካ?»

ከዚያ ሰዓቱ በረዘመ ቁጥር ደም እግር ውስጥ እንዴት እንደሚረጋ፣ የረጋው እንዴት ወደ ሳንባ እንደሚሄድ፣ በጥሩ ሁኔታ፣ እየበላን፣ አስረዳችኝ።

«ብትሞቺ ልጆቹን የማሳድገው እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ደግሞ ትዕግሥት የለኝም። ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ። አሳድጋኛለች።

ጥቅምት 28

አማቴ ሰምታለች። ልጇ ሆድ የለውም፤ ማለቴ ምስጢር አይቋጥርም። ቁጣ ጠብቄ ነበር። የወጥ ቤቱን በር ዘጋችና «እስቲ አሳይኝ» አለችኝ። እንደ ዶክተሯ አስተኝታ ሳይሆን፣ ቆሜ፣ ድስቱ እየፈላ። እጇ ቀዝቃዛ ነው። ቆየች። ከዚያ የኔን እጅ ይዛ በቀሚሷ ላይ፣ ሆዷ ላይ አደረገችው።

እጄ ገባ። ጣቴ አይደለም፣ እጄ።

ስድስት ወልዳለች። ስድስቱም በዚያ አልፈዋል። አንደኛው ማታ ማታ አጠገቤ ያንኮራፋል።

«እኔስ ነፋስ ነው እያልኩ፣ ዝንጅብል ስጠጣበት ኖርኩ» አለች። «ይሰፋል እንዴ? ሰው ይሰፋዋል?»

ይሰፋል እማዬ፣ አልኳት።

«እንግዲህ ተሰፊ፣ ልጄ። ድስቱን አማስይ።»

እጄ እስካሁን እጄ አይመስለኝም።

ኅዳር 3

እንደገና ዶክተሯ። እንድትመርጥልኝ ሄጄ ነበር፤ አልመረጠችልኝም። ምርመራሽ ጥሩ ነው፣ አታጨሺም፣ ሁለቱም መንገድ ላንቺ ያስኬዳል አለች። ባንድ ቀን ከሆነ ማደንዘዣው አንዴ ነው፣ ማገገሙም አንዴ ነው፤ ግን ቀዶ ጥገናው ይረዝማል፣ የደም መርጋት ሥጋቱም በዚያው ልክ ይጨምራል። ትንሽ ነው፣ ዜሮ ግን አይደለም። ለየብቻ ከሆነ እያንዳንዱ ቀለል ይላል፤ ግን ሁለት ጊዜ ትተኛለሽ፣ ሁለት ጊዜ ትድኛለሽ።

ስድን ምን አይፈቀድልኝም? አልኳት።

«ስድስት ሳምንት ያህል፣ ከሻይ ማንቆርቆሪያ የሚከብድ ነገር አታነሺም።»

«ልጅስ?»

«ልጅ ከማንቆርቆሪያ ይከብዳል።»

ኅዳር 4

እንግዲህ ወደ ሙጫ መጣን።

ትንሿ ልጄ። ስሟ ሌላ ነው፣ ሙጫ ያልኳት እኔ ነኝ። መጽሐፍ እየጠገንኩ ነው የምኖረው፤ ሙጫ ሳይ አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ተኩሏ ሲሆን ከዚህ አብዛኛውን የኖረችው ግራ ዳሌዬ ላይ ነው። ሽንኩርት የምልጠው እሷን ይዤ፣ ጥርሴን የምቦርሸው እሷን ይዤ። የመጀመሪያ ቃሏ «እማ»። ሁለተኛው «አንሺኝ»። ሦስተኛ አላስፈለጋትም።

ለየብቻ ባሠራ ሁለት ጊዜ ላወርዳት ነው። አውርጄ፣ አልቅሳ፣ ለምዳ… መልሼ ላነሳት። ደስ ብሏት ስትለጠፍ እንደገና ላወርዳት። ይሄ ምን ይባላል? ባንድ ላይ ከሆነ አንዴ ብቻ ናት የምትወርደው። ግን የእህቴ ደም መርጋት አለ። አንዴ ወርዳ፣ የሚያነሳት ጭራሽ ቢጠፋስ?

ይህን ስጽፍ ጭኔ ላይ ናት። እስክሪብቶውን እየጎተተችብኝ ነው።

ኅዳር 9

የክፍላችን አለቃ፣ ጋሼ። ከወረቀት ጋር ሲያወራ ሰምቼዋለሁ፤ ከሰው ጋር ሲያወራ እምብዛም። ዛሬ ስፌቱ የላላ የጥንት የሕክምና መጽሐፍ ይዤ፣ አሁን ስፌቱን ብቻ አድሼ የተቀደዱ ገጾቹን ለክረምት ላቆያቸው ነው አልኩት። አጉልቶ ከሚያሳየው መነጽሩ ሥር ቀና አለ።

«ከፈታሽው አይቀር ሁሉንም ጨርሺ። መጽሐፍ ሁለቴ መፈታት አይችልም፤ በፈታሽው ቁጥር ወረቀቱ ይጎዳል። ከዚያ መጭመቂያው ውስጥ ክተቺና እርሺው። ይጠብቅሻል።»

ፈታሁት። ከውስጡ የሰው ሆድ ሥዕል ወጣ፤ አንድ ሰዓሊ፣ ፎቶ በሌለበት ዘመን፣ እያንዳንዱን የጡንቻ ክር በቀጭን ብዕር ስሎታል። መሃሉ ላይ ነጭ መስመር አለ። የኔዎቹ የተለያዩበት መስመር! ከኔ በፊት ስንት መቶ ዓመት እዚያው ነበር። ሥራ ረስቼ ሳየው ቆየሁ።

ኅዳር 11

ወስኛለሁ። ሁለቱንም ባንድ ቀን። ሙጫ አንዴ ብቻ ትወርዳለች።

ለእህቴ ደወልኩ። ዝም አለች። ባለቤቴ አጠገቤ ሆኖ ጆሮውን ወደ ስልኩ ዘንበል አደረገና «ይሄ የንዴት አይደለም፣ የማሰብ ዝምታ ነው» ብሎ አንሾካሾከ። ትክክል ነበር።

«የእግር ካልሲውን እኔ ነኝ የማመጣልሽ፣ የሚያጠብቀውን» አለች በመጨረሻ። «ከአልጋ የማስነሳሽም እኔ፣ የማራምድሽም እኔ። እያለቀስሽ ትራመጃለሽ። እኔ ቆሜ ደምሽ ሊረጋ? ይሞክራታ።»

ታኅሣሥ 2

ከመግባቴ በፊት ነው። ጠዋት። ዶክተሯ አቁማ ሣለችብኝ። በወይን ጠጅ ቀለም። ከዳሌ እስከ ዳሌ አንድ መስመር፣ እጇን ሳታነሳ፣ ያለ ማስመሪያ። እኔ ያለ ማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር አስምሬ አላውቅም። ትንፋሼን ይዤ ነበር… ፈርቼ አይደለም። እንዳላበላሽባት ነው።

ባለቤቴ ገብቶ አየኝ። «ካርታ መስለሻል» አለ። የት አገር? አልኩት። ግንባሬን ሳመኝ።

ትናንት ማታ ሙጫ እንቅልፍ እስኪወስዳት አላወረድኳትም።

ታኅሣሥ 4

አለሁ።

ታኅሣሥ 7

ቤት። ጎብጬ ነው የምሄደው፤ ቀና እንዳልል ተነግሮኛል፣ ብፈልግም አልችልም። እህቴ ክንዴን ይዛ ከአልጋ እስከ መስኮት፣ ከመስኮት እስከ አልጋ። ያለችውን ፈጸመች፤ አለቀስኩም፣ ተራመድኩም። እግሬን በቀን ስንቴ እየዳሰሰች እንደምትጠይቀኝ…

መሳቅ ያማል። በዘጠኝ ዓመት ትዳር ውስጥ ባለቤቴ አስቂኝ ሰው መሆኑን ያወቅኩት በዚህ ሳምንት ነው። ከክፍሉ አስወጥተነዋል።

ታኅሣሥ 10

ሙጫ አልጋው ዳር ቆመች። ሁለት እጇን ዘረጋች።

«አንሺኝ።»

«አልችልም የኔ ሆድ።»

«እጅሽ ተሰበረ?»

«አልተሰበረም። ሆዴ ተሰፍቶ ነው።»

«እንደ መጽሐፍ?»

«እንደ መጽሐፍ።»

አሰበችበት። አልጠቀማትም። አለቀሰች፣ ወለሉ ላይ ተኝታ፣ በሙሉ አቅሟ። አማቴ እያባበለች ወሰደቻት፤ ድምፅዋ ከኮሪደሩ ይመጣል። እኔ አላለቀስኩም፤ ማልቀስም ለካ በሆድ ነው የሚለቀሰው።

አንዴ ብቻ ነው… አንዴ ብቻ።

ታኅሣሥ 21

ሙጫ አንሺኝ ማለት አቁማለች። መጥታ አጠገቤ ትቀመጣለች፣ የጡብ ቤት ትሠራለች፣ ታፈርሳለች፣ ትሄዳለች። ዓይኗን አየዋለሁ። እየጠበቀችኝ ነው። በዚያች ዕድሜ፣ በዚያች ትንሽ አካል ይህ ሁሉ ትዕግሥት ከየት መጣ? እኔ ውስጥ ያለፈ ሁሉ መጠበቅ ተምሮ ነው የወጣው መሰለኝ። መንትዮቹ ሲቀሩ።

ጥር 3

ቀና ብዬ ቆምኩ። ሙሉ በሙሉ። ጀርባዬ አላመመኝም። ሕመሙ ድምፅ እንደነበረው ያወቅኩት ዝም ሲል ነው።

መስተዋቱ ፊት። ጠባሳው ቀይ ነው፣ ረዥም ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፤ የሴትዮዋ እጅ! ጡቶቼ ወደ ፊት ያያሉ፣ ጎረቤት እንደሚጠብቅ ሰው። ከእምብርቴ በላይ ጣቴን ተጫንኩ። አልገባም። እንደገና ተጫንኩ። ግድግዳ ነው። ሁለቱ መጋረጃዎች ተገናኝተዋል፣ ከስምንት ዓመት በኋላ። ምን ተባብለው ይሆን?

አማቴን ጠራኋት። እጇን አስቀመጠች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

«ድፍን ብሏል» አለች። እጇን ግን ለማንሳት አልቸኮለችም።

ጥር 16

ተፈቀደልኝ። ዶክተሯ ስፌቱን ዳሰሰች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ «ማንቆርቆሪያው ቀርቷል» አለች። ለእሷ ይህ ረዥም ንግግር ነው። ምን ላነሳ እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ ፊቴ ላይ ሳታየው አልቀረችም።

ከአውቶቡስ ወርጄ ልሮጥ ምንም አልቀረኝም። ሕንጻው በር ላይ ደረስኩባቸው፤ ሙጫና አማቴ ከሱቅ እየተመለሱ። ሙጫ ትንሿን ቦርሳዋን አንጠልጥላለች። ዝቅ ብዬ፣ ጉልበቴን አጥፌ፣ እንደ ተነገረኝ በጥንቃቄ፣ ሁለት እጄን ዘረጋሁ።

«ነይ፣ ላንሳሽ።»

አየችኝ። ቅር ብሏት አይደለም፣ ተቀይማም አይደለም። ሥራ ያለበት ሰው እንደሚያይ።

«እማ፣ ቦርሳዬን ያዢልኝ» አለችና ብረቱን ይዛ ደረጃውን መውጣት ጀመረች። አንድ እግር፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ እረፍት። ሦስተኛ ፎቅ ነን። ቦርሳውን ይዤ ከኋላ ተከተልኳት።

ከመቼ ጀምሮ ነው? ብዬ አማቴን ጠየቅኳት።

«ከተሰፋሽ በሁለተኛው ሳምንት ነው» አለች። «ወንድሞቿ ሲወጡ አይታ። ላንሳሽ ስላት እምቢ አለችኝ።»