ፊቱ የተሰበረው አበጋር

ለእህቴ ለረቢአ፣

ልጅሽ ሙስዐብ ቀኝ እጄን በመዶሻ ሰበረው። ሰላምታ ባስቀድም ይህን ለመጻፍ እሰንፋለሁ ብዬ ነው። አሁን አሰላሙ ዐለይኩም። አከም ጂርታ? ጤናሽስ? ያ ጉልበትሽ ተሻለው? የጅዳው ሙቀትስ ከበደሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ፊደሌ የተወላገደው በግራ ስለምጽፍ ነው። በስልክ ብነግርሽ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔም እዘጋብሻለሁ።

ደም ላደረቁ ሽማግሌዎች፣ ለአበጋሮቻችን፣ ከሚሴ ላይ ሐውልት ይቁም ሲባል የተማሩት ቀራፂዎች እያሉ እኔን መረጡኝ። አርባ ዓመት የወፍጮ ድንጋይ ስጠርብ ማንም አላስተማረኝም። መጀመሪያ የጠረብኩት አበጋር ሙሀመድአሚንን ነው። ጀይሉ ሰንበቴ ገበያ በጥይት በወደቀ ጊዜ ከገዳዩ ወገን ያስታረቁን እሳቸው ናቸው። አንቺም ልጅሽ ነውና በስልክ «ለአላህ ብዬ ምሬያለሁ» ብለሻል። ወንድሙ ሙስዐብ ግን አልማረም ኖሯል።

ጥፋቱ የኔም ነው። የታረቀ ደም ስሙ እንደማይነሳ እያወቅኩ፣ ከሐውልቱ እግር ሥር የጀይሉን ስም ጠረብኩ። ክብር መስሎኝ ነበር። ሙስዐብ ከዙሁር ሶላት ሲመለስ አየው። «አጎቴ፣ የወንድሜን ስም ደሙን ለሸጠ ሰው አስረገጡት?» አለኝ። ትልቁን መዶሻ አንስቶ የሐውልቱን ፊት ሦስት ጊዜ መታው። አፍንጫው በረረ፣ ጥምጣሙ ተገመሰ። በአራተኛው እጄን ጣልኩበት፤ አጥንቴ ሲደቅ ሰማሁት። ሁለት ጣቶቼን ሐኪሙ ቆረጣቸው።

ልጄ ሙጂብ ጩኸት ሰምቶ ክላሽ ይዞ ደረሰ። ሙስዐብን ጭኑን በጥይት አለው። ደረቱ ላይ ሊደግመው ሲያነጣጥር እላዩ ላይ ተኛሁበት። ደሙ ሸሚዜን አራሰው። አዝኜለት አይደለም፤ ከአንድ ዘር ሁለተኛ ሬሳ አልቀብርም ብዬ ነው።

ሙስዐብ መራመድ ሲችል፣ ድንጋይ ያደረግኳቸው አበጋር ሙሀመድአሚን በአካል መጥተው ደጄ ላይ ተቀመጡ። «እንድሪስ፣ የኔን ፊት ሰብሮ ምሬዋለሁ። ያንተ እጅ ከኔ ፊት ይበልጣል?» አሉኝ። «ይበልጣል» አልኳቸው። ሁለት ቀን አልተነሱም። በሦስተኛው ቀን ሙስዐብ እያነከሰ መጣ። እንደ እርቅ ወጉ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል፤ ራሱ የገመሰውን የሐውልቱን ጥምጣም። ላቡ እስኪንጠባጠብ አቆምኩት። ከዚያ «አውርድ» አልኩት። ሙጂብም እሱም ዳግም ደም ላይፈላለጉ ቁርኣን ይዘው ማሉ።

የጀይሉን ስም በግራ እጄ ፍቄ አጠፋሁት። የሐውልቱን ፊት ሌላ ቀራፂ ይጠግነው ሲሉኝ እንቢ ብያለሁ። እንደተሰበረ ይቆማል።

ባለቤቴ መሪየም በጣም ሰላም ብላሻለች። ልጃችን ዘሃራ ወንድ ልጅ ወልዳለች። ሙጂብ እጅ ይነሳል። እዚያ ያሉትን ሳቢራንና ልጆቿን ሳሚልኝ። የሙስዐብ እግር ድኗል።

መልስ ስትጽፊ ስለ ጨፋው ማሽላ ጠይቂኝ፤ ስለ ከብቱ ጠይቂኝ። እጄን ካነሳሽ ግን ደብዳቤሽን ሳልጨርስ እዚያው ላይ አጥፈዋለሁ። አንዴ ነገርኩሽ። እስክቀበር ድረስ ይህን ነገር ከአፌ የሚሰማው የለም።

ወንድምሽ እንድሪስ
ከሚሴ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.